ፖም ሁሉ አንድ ፖም አይደለም

(ይህ ጽሑፍ በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ደጋማ ቀበሌ የምትሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያደረገችው ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በንዑሳን ርዕሶች ተከፋፍሏል።)



ስለ ፖም እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። ደስ ያለኝ የምወደው ሥራዬ ስለሆነ ነው። የፈራሁት ደግሞ ከፊቴ ከተቀመጡት አባቶች ብዙዎቹ ስሕተቴን ስለሚያውቁ ነው። ሌላ ሰው ከሚያነሣብኝ እኔው ብናገረው ይሻላልና ከዚያው ልጀምር።

በአንድ ጀምበር የተለቀመው ፖም

በዚህ ሥራ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ የፍራፍሬ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። መኪናው የሚመጣው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። እኔም ዕድሉ እንዳያመልጠን ብዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ነገ ልቀሙ» አልኩ። አባሎቻችንም አመኑኝ። ቀዩን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን በአንድ ጀምበር ለቅመው አንድ ላይ በሣጥን ሞልተው አመጡ።

ነጋዴው ከየሣጥኑ አንዳንድ ፍሬ እያነሣ ገመጠ። አንዱ ጣፋጭ ነው። አንዱ እንደ ጥሬ ድንች ነው። አንዱ አፍ ያኮማትራል። «ይህን ለማን ልሸጠው?» አለና ከግማሽ የሚበልጠውን ትቶ ሄደ። የቀረው በየቤቱ ተጨማዶ በመጨረሻ ለከብት ተሰጠ።

በማግሥቱ ሣጥናቸው ወደተመለሰባቸው አንድ አባት ቤት ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝ። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ ልቀም ብትዪኝ ለቀምኩ። ገብስና ስንዴ በአንድ ቀን እንደማይታጨድ ግን አንቺም እኔም እናውቅ ነበር» አሉኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ገብስንና ስንዴን ሁለቱንም «እህል» ብለን በአንድ ቀን አናጭድም። ፖምን ግን «ፖም» ብቻ ብለን ጠራነው፤ በአንድ ቀን ለቀምነው፤ በአንድ ሣጥን ከተትነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው ሆነ። ዛሬ የማቀርበው ነገር ባጭሩ ይኸው ነው፤ ፖምን በስሙ እንወቀው፣ በስሙ እንልቀመው፣ በስሙ እንሽጠው።

ስሙ ለምን አስፈለገ?

ፖም ለአገራችን እንግዳ ተክል ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጨንቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን እንደተከሉት ይታወቃል። የጨንቻ ገበሬዎች ዘግይተው ችግኝ ማባዛቱን ራሳቸው ተክነውበት ለሌላው የአገራችን ደጋ ምንጭ ሆኑ። ዛሬ በሰሜን ሸዋ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋማ ወረዳዎችም ፖም ይበቅላል።

ችግኙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን በመንገድ የጠፋ ነገር አለ፤ እሱም ስሙ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የፖም ዘር ቢተከል የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ጣፋጭ ፖም በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ ጎምዛዛና ትናንሽ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ለዚህ ነው ፖም በማዳቀል የሚባዛው። ሥር ከሚሆነው ችግኝ፣ ሩትስቶክ ከምንለው፣ ላይ የምንፈልገውን ዝርያ ቀንበጥ እናጣብቃለን። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ኤም ኤም 106 የሚባለው ሩትስቶክ የዛፉን ቁመት ይወስናል እንጂ የፍሬውን ጣዕም አይወስንም። ጣዕሙ የቀንበጡ ነው።

ስለዚህ የዝርያ ስም ማለት የዘር ሐረግ ማለት ነው። ግራኒ ስሚዝ የሚባለውን አረንጓዴ ፖም እንውሰድ። ትርጉሙ «አያት ስሚዝ» ማለት ነው። ማሪያ አን ስሚዝ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አቅራቢያ፣ የፍራፍሬ እርሻ የነበራቸው አሮጊት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በግቢያቸው በራሱ የበቀለ አንድ የፖም ችግኝ አይተው ተንከባከቡት። በዓለም ላይ ያለ ግራኒ ስሚዝ ሁሉ ከዚያ ከአንድ ዛፍ በቀንበጥ እየተቀነጠሰ የመጣ ነው። ጎልደን ደሊሸስም እንዲሁ በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በገበሬ ማሳ ላይ የተገኘ ነው። አና የሚባለው በእስራኤል፣ ብርዱ ትንሽ ለሆነ አገር ተብሎ የተዳቀለ ነው። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ ደሴቶች የመጣ ነው። እያንዳንዱ ከአገሩ ጠባዩን ይዞ መጥቷል። ስሙን ካላወቅን ጠባዩንም አናውቅም።

ብርድ፣ አበባና ጎረቤት

የፖም ዛፍ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ያለፈበት ሰዓት ተደምሮ ይቆጠራል። አናና ዶርሴት ጎልደን 300 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ጎልደን ደሊሸስና ሬድ ደሊሸስ ግን ከ600 ሰዓት በላይ ይሻሉ። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ብዙ ብርድ የሚፈልጉት ዝርያዎች እኩል አይነቁም፤ በአንድ ዛፍ ላይ አበባም፣ ጮርቃም፣ የደረሰ ፍሬም ይታያል። በደረቁ ወቅት ቅጠሉን በእጅ የምናራግፈው ዛፉ ዕረፍት እንዳገኘ ሆኖ እኩል እንዲነቃ ለመርዳት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። አብዛኛው የፖም ዝርያ በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም። በአንድ ጊዜ የሚያብብ የሌላ ዝርያ ዛፍ በአቅራቢያው መኖር አለበት። አናና ዶርሴት ጎልደን ለዚህ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። ጆናጎልድና ክሪስፒን ግን ብናኛቸው ለሌላው አይጠቅምም። ክሪስፒንን ሙትሱ የሚሉትም አሉ። እነዚህን የተከለ ሰው ሌሎች ሁለት ዝርያዎች ጨምሮ መትከል አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጎረቤት ራሱ ብናኝ የሚሰጠው ያጣል። «ዛፌ አበባ ሞልቶበት ፍሬ አጣሁ» የምትሉ አባላት መጀመሪያ ጎረቤቱን ተመልከቱ።

ብናኙን የሚያደርሰው ንብ ነው። በአበባ ጊዜ ፀረ ተባይ አትርጩ፤ ንቧን ከገደልን ፍሬውን ገደልን ማለት ነው። ለማረጋገጥ ፖም አግድም ቁረጡ። አምስት ክፍል ታያላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ዘር ይኖራል። ዘሩ ጥቂት ከሆነና ፍሬው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ንብ በበቂ አልጎበኘውም ማለት ነው።

ከአበባው ጀምሮ መቁጠር

ፖም መቼ ይለቀማል? መልሱ የሚጀምረው ከአበባው ነው። ከዛፉ አበባ አብዛኛው የፈካበትን ቀን ጻፉ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ መቁጠሩ ቀላል ነው። አበባው የካቲት 15 ቀን ፈካ እንበል።

ቀዳሚዎቹ አናና ዶርሴት ጎልደን ናቸው። 100 ቀን ገደማ ይፈልጋሉ፤ ግንቦት 25 ቀን አካባቢ ይደርሳሉ ማለት ነው። አና ረዘም ያለ፣ በቢጫ አረንጓዴ ላይ ቀይ የፈሰሰበት፣ ጣፋጭነቱ ከትንሽ ኮምጣጣነት ጋር የተቀላቀለ ፖም ነው። ዶርሴት ጎልደን ቢጫ፣ ሲበዛ ሮዝ ጉንጭ ያለው፣ ጣፋጭ ነው። ሁለቱም ጥሬአቸውን ለመብላት ጥሩ ናቸው። ገበያው ፖም በሌለበት ጊዜ ስለሚደርሱ ዋጋ ያገኛሉ። ጉድለታቸው አለመቆየታቸው ነው፤ በቤት ሙቀት ከተቀመጡ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳሉ። ስለዚህ የአናና የዶርሴት ሕግ አንድ ነው፤ ገዢ ሳታገኝ አትልቀም፣ ከለቀምህ አታሳድር።

ቀጥሎ ጋላ ይመጣል፤ 120 ቀን ገደማ፣ በምሳሌያችን ሰኔ 15 ቀን። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ጣፋጭ፣ ልጆች የሚወዱት ነው። ለጥሬ መብል እንጂ ለወጥ ቤት ሥራ አይመረጥም።

መካከለኞቹ ጎልደን ደሊሸስ፣ ሬድ ደሊሸስና ጆናጎልድ ናቸው። 145 ቀን ገደማ፣ ማለት ሐምሌ 10 ቀን አካባቢ። ጎልደን ደሊሸስ ለሁሉ የሚሆን ነው፤ ጥሬውን ይበላል፣ ይቀቀላል፣ ማርማላታ ይሆናል። ቆዳው ስስ ስለሆነ ግን በቶሎ ይጠወልጋል፣ ትንሽ ንክኪ ያጠቁረዋል። ሬድ ደሊሸስ ሥሩ ላይ አምስት ጉብታ ያለው ጥቁር ቀይ ፖም ነው። እሱ ለጥሬ መብል ብቻ ነው፤ ሲበስል ጣዕሙን ያጣል፣ ሲቆይም እንደ ዱቄት ይሆናል። ጆናጎልድ ትልቅ ነው፤ ጣፋጭነትና ኮምጣጣነት ስላለው ለጥሬም ለማብሰልም ይሆናል።

ክሪስፒን 160 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ሐምሌ 25 ቀን አካባቢ። ትልቅ፣ ውኃ የሞላው፣ አረንጓዴ ቢጫ ነው። ጭማቂ ለሚሠሩና ለዳቦ ቤቶች የሚሆን ነው።

የመጨረሻዎቹ ግራኒ ስሚዝና ፉጂ ናቸው፤ 180 ቀን ገደማ። ቁጥራችን ነሐሴ 15 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ይደርሳል። ዘግይተው ካበቡ መስከረም ይገባሉ። ግራኒ ስሚዝ ኮምጣጣ፣ ጠንካራና ሲቆይ የማይበላሽ ነው። ለኬክ፣ ለማርማላታና ለሆቴል ወጥ ቤት የሚፈለገው እሱ ነው። ፉጂ በጣም ጣፋጭ ነው፤ እሱም ይቆያል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቀኑ ይረዝማል። ስለዚህ የላይኛው ቀበሌ የታችኛውን አይቶ አይልቀም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአና እስከ ግራኒ ስሚዝ 80 ቀን ነው። እኔ 80 ቀን የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሱ ብዬ ነበር።

መልክ ያታልላል

ቀኑ ሲቃረብ ፍሬውን መመርመር ነው። ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ሬድ ደሊሸስ ገና ሳይበስል ይቀላል፤ ግራኒ ስሚዝ በስሎም አረንጓዴ ነው፤ ቢጫ ካለ ያለፈበት ነው። ለሌሎቹ ከቀዩ ሥር ያለውን መደብ ተመልከቱ፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ መድረሱን ያመለክታል። ፍሬው ተቆርጦ ሲታይ ዘሩ ከነጭ ወደ ቡናማ መለወጥ አለበት። ሲያነሡት በቀላሉ ከቅርንጫፉ የሚለቅ ከሆነም ጊዜው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው አዮዲን ነው። በውኃ አቅጥናችሁ፣ አግድም የተቆረጠውን ፖም ፊት ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። ጥሬ ፖም ስታርች ስላለበት ሁለመናው ይጠቁራል። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ከመሐሉ ጀምሮ ነጭ ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ከነጣ ለሚቀመጥ ፖም ጥሩ ነው። አብዛኛው ከነጣ ወዲያው ለሚበላ ነው። ለአንድ ቀበሌ አንድ ብልቃጥ ይበቃል። የተነከረውን ፍሬ ግን ማንም እንዳይበላው፤ ለከብትም አይሰጥ።

አለቃቀምና አቀማመጥ

ዛፍ ነቅንቆ ማርገፍ ይቅር። የወደቀ ፖም ዛሬ ደህና ቢመስል ነገ ይጠቁራል። ፍሬውን በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ አንሥቶ ትንሽ ማዞር ነው፤ ከነጭራው ይለቅቃል። ጎትታችሁ ብትገነጥሉት ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሆነውን ቡቃያ አብራችሁ ትገነጥላላችሁ። ዝናቡ ወይም ጤዛው ደርቆ ይለቀም። ቅርጫቱ ውስጥ ጭድ ወይም ጨርቅ ይነጠፍ። እኩል ያልደረሰ ዛፍ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለቀም።

ለማቆየት ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚገባበት ክፍል ይመረጥ። የተጎዳው ከደህናው ይለይ፤ አንድ የበሰበሰ ሣጥኑን ሙሉ ይጨርሳል። ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ ሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት፤ ሽታውን ይወስዳል። ከካሮትና ከጎመንም ይራቅ፤ ፖም የሚያወጣው አየር ካሮትን ያመርራል፣ ጎመንን ያቢጫል።

የተረፈውስ?

ደረጃው ዝቅ ያለ ፖም ሁልጊዜ ይኖራል። እንዳይጣል። ለማርማላታ ግራኒ ስሚዝ ወይም ጎልደን ደሊሸስ ምረጡ። ለ1 ኪሎ የተላጠና የተከተፈ ፖም ትንሽ ውኃ ጨምሮ እስኪፈርስ ማብሰል፣ ከዚያ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ እስኪወፍር ማማሰል ነው። በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ትኩሱን ገልብጦ መክደን ያስፈልጋል። ጭማቂው ደግሞ አቼቶ ይሆናል። መጀመሪያ እንደ ጠጅ ይፈላል፣ ከዚያ አየር እያገኘ ይኮመጥጣል። ጠጅ የሚጥሉ እናቶቼ መንገዱን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የብረት ዕቃ ግን አትጠቀሙ። ከትፎ ማድረቅም ይቻላል፤ የእኛ ፖም የሚደርሰው በክረምት ፀሐይ በሌለበት ስለሆነ ግን ለብዙዎቻችን አይመችም። ለከብት የሚሰጥ ከሆነ ተከትፎ ይሰጥ፤ ሙሉው ከብቱን ያንቃል።

ሦስት ልመናዎች

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ሦስት ልመናዎች አሉኝ።

የመጀመሪያው ለአባላት ነው። በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ስሙን የያዘ ቁራጭ ቆርቆሮ ወይም እንጨት እንስቀል። ስሙ የጠፋበት ዛፍ ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ያበበበትን ቀን ጻፉ፤ ሲደርስ ሁለት ፍሬ ይዛችሁ ወደ ልማት ጣቢያው ኑ። በቀኑ፣ በቅርጹና በጣዕሙ አብረን እንፈልገዋለን። ባለፈው ሣጥናቸው የተመለሰባቸው አባት ይህን ካደረጉ ወዲህ ከግቢያቸው የወጣ አንድም ሣጥን አልተመለሰም።

ሁለተኛው ለዩኒየናችን ነው። ፖም የምንሰበስብበት ቀን አንድ አይሁን። አናና ዶርሴት በየራሳቸው ቀን፣ ጎልደን በራሱ ቀን፣ ግራኒ ስሚዝ በራሱ ቀን ይምጣ። ሣጥኑም በዝርያና በመጠን ይለይ። ገዢውም እንደ ፖሙ የተለያየ ነው፤ ፍራፍሬ ቤቱ አናን፣ ሆቴሉ ግራኒ ስሚዝን ይፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንድ ገበሬ አምስት የአና ዛፍ ይዞ ሆቴል ደጃፍ ቢቆም የሚሰማው የለም። መቶ ገበሬ የአንድ ዝርያ ፖም በአንድ ቀን ሲያመጣ ግን መኪናው ራሱ ይመጣል። ዩኒየን ያስፈለገንም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለክቡራን ኃላፊዎች ነው። በየዓመቱ «ይህን ያህል የፖም ችግኝ ተሰራጨ» እያልን ሪፖርት እናቀርባለን። እኔም ጽፌአለሁ። በዚያ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ አለ፤ ስሙ ግን የለም። ዝርያው ያልታወቀ ችግኝ ለገበሬ መስጠት ዓመታት አስጠብቆ ያላሰበውን ማሳጨድ ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በቅጹ ላይ «የዝርያው ስም» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ስም የሌለው ችግኝም ከችግኝ ጣቢያ አይውጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ብቻ ይጠይቃል።

አባቶቼና እናቶቼ፣ በርጩማ አቅርበው ስሕተቴን የነገሩኝ አባት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቃሉ። በእሳቸው ግቢ አሁን ሦስት ዛፍ አለ፤ በሦስቱም ላይ ቆርቆሮ ተሰቅሏል። በዚህ ዓመት በሦስት ልዩ ልዩ ቀን ለቅመዋል። ከእሳቸው ግቢ የተማርኩት ከኮሌጅ ደብተሬ ጋር ተደምሮ ነው ዛሬ ያቀረብኩላችሁ።

ዩኒየናችን ረጅም ዕድሜ ይኑረው።